ሦስት ሴንቲሜትር፦ የሞተር ሳይክል የፊት መብራት ለምን ዓይን ያጥበረብራል?

ከላስ ቬጋስ የቁማር ቤቶች ጎዳና ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሲነዱ፣ መንገዱ ካልተጨናነቀ፣ በግማሽ ሰዓት ገደማ ዋተር ስትሪት ዲስትሪክት ይደረሳል። የሄንደርሰን ከተማ እምብርት ነው። ይህች ከተማ ከብርሃን ጋር የቆየ ዝምድና አላት። የተቆረቆረችው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1941 ግንባታው በተጀመረው የቤዚክ ማግኒዥየም ፋብሪካ ዙሪያ የሠራተኞች መንደር ሆና ነበር፤ በሕግ ከተማ ተብላ የተቋቋመችው እ.ኤ.አ. በ1953 ነው። ፋብሪካው የሚያመርተው ብረት ለአውሮፕላን አካልና ለተቀጣጣይ ቦምብ ይውል ነበር። ማግኒዥየም ሲነድ የሚያወጣውን ነጭ ብርሃን ትኩር ብሎ ማየት ዓይንን ይጎዳል። ዛሬ በዚያ አካባቢ በምሽት የሚያሽከረክር ሰው ዓይኑን እንዲጨፍን የሚያስገድደው ግን ከዚያ እጅግ ያነሰ፣ ከሞተር ሳይክል መሪ ፊት የተሰቀለ አንድ አምፖል ነው።

ዋተር ስትሪት ራሱ ጨለማ አያውቅም። ማዘጋጃ ቤቱ፣ የበረዶ ሆኪ አዳራሹ፣ ምግብ ቤቶቹና አነስተኛዎቹ ካሲኖዎች መንገዱን አድምቀውታል። ከዚያ ወጥቶ በሌክ ሚድ ፓርክዌይ ወደ ምሥራቅ የታጠፈ መኪና ግን ከተማውን እንደ ጨረሰ በረሃ ውስጥ ይገባል። መንገዱ ወደ ሌክ ሚድ ሐይቅ ይወስዳል፤ ሙቀቱ በረድ በሚልባቸው ወራት ሞተረኞች ይወዱታል። ቀኑን በሐይቁ ዳርቻ ሲዞሩ የዋሉት ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ወደ ከተማው ይመለሳሉ፣ አብዛኞቹም ከኋላቸው ሰው አፈናጠው፣ ጓዝ ጭነው።

በዚህ አካባቢ በሌሊት ከሚያሽከረክሩት መካከል ኢትዮጵያውያን ጥቂት አይደሉም። ላስ ቬጋስ በአሜሪካ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባቸው ከተሞች አንዷ ናት፤ የክላርክ ካውንቲ አስተዳደርም እ.ኤ.አ. በ2023 አንድ የንግድ አካባቢ «ሊትል ኢትዮጵያ» ተብሎ እንዲጠራ ወስኗል። ብዙዎቹ ኑሯቸውን የሚመሩት በታክሲና በስልክ መተግበሪያ በሚጠራ ትራንስፖርት ነው፤ ጥሩ ገቢ የሚገኘውም ሲመሽ ነው። ለእነዚህ ሰዎች ከፊት ለፊት የሚመጣ መብራት የእንጀራ ጉዳይ ነው።

ሁኔታውን ማንኛውም የሌሊት ሹፌር ያውቀዋል። ከሩቅ አንድ ነጭ ነጥብ ይታያል። ነጥቡ እየቀረበ ሲመጣ የመንገዱ ቀኝ ጠርዝ ይጠፋል፣ ቀጥሎም መሃል መስመሩ። ሹፌሩ ተበሳጭቶ ረጅም መብራቱን ብልጭ ያደርጋል። ሞተረኛውም በምላሹ የራሱን ረጅም መብራት ለቅጽበት ያበራና ያጠፋል፤ «መጀመሪያውንም አጭሩ ነው የበራው» ማለቱ ነው። እውነቱን ነው። የኔቫዳ ሕግ ከፊት ተሽከርካሪ ሲመጣ 500 ጫማ፣ ማለትም 150 ሜትር ያህል ሲቀር ረጅሙን መብራት ዝቅ ማድረግን ያስገድዳል፤ ሞተረኛው ሕጉን አክብሯል። ያላወቀው ነገር አጭሩ መብራት ወደ መሬት መመልከቱን ትቶ ወደ ሰው ዓይን መመልከት መጀመሩን ነው።

ዓይን በብርሃን የሚሸነፍበት መንገድ ብዙ ሰው እንደሚገምተው አይደለም። ኃይለኛ ብርሃን የሬቲናን ሕዋሳት አድክሞ ለጥቂት ጊዜ ማየት እንደሚከለክል የታወቀ ነው፤ ጨለማ የለመደ ዓይን ሙሉ ብቃቱን መልሶ ለማግኘት ግማሽ ሰዓት ሊፈጅበት ይችላል። በመንገድ ላይ የባሰው ችግር ግን ሌላ ነው። ወደ ዓይን የገባው ብርሃን በኮርኒያው፣ በሌንሱና በዓይን ውስጥ ባለው ፈሳሽ ጥቂት በጥቂት ይበተንና በመላው ምስል ላይ እንደ ስስ ነጭ መጋረጃ ይዘረጋል። መጋረጃው የጎላ ነገርን አይሸፍንም፤ የሚሸፍነው ከጨለማው በጥቂቱ ብቻ የሚለየውን ነው፤ ጥቁር ልብስ የለበሰ እግረኛን፣ መንገድ ዳር የቆመ እንስሳን፣ ከመኪና የወደቀ ጎማን።

የዚህን መጋረጃ ጥንካሬ ለማስላት የሚያስችለውን ቀመር በ1920ዎቹ አሜሪካዊው ሆላዴይና እንግሊዛዊው ስታይልስ በየፊናቸው ደርሰውበታል። መጋረጃው ወደ ዓይን በሚገባው ብርሃን መጠን ልክ ይጠነክራል፤ ብርሃኑ ከሚታየው ነገር በራቀበት ማዕዘን ካሬ ልክ ደግሞ ይሳሳል። ከዚህ ቀላል ሕግ አንድ አስገራሚ ውጤት ይወጣል። የሚመጣው ሞተር ሳይክል ርቀቱን በግማሽ ሲቀንስ ወደ ዓይን የሚገባው ብርሃን አራት እጥፍ ይሆናል፤ ነገር ግን መብራቱ ከሹፌሩ የእይታ መስመር የሚርቅበት ማዕዘንም እጥፍ ስለሚሆን መጋረጃው በአራት እጥፍ ይሳሳል። ሁለቱ ይጣፋሉ። በቀጥታ መንገድ ላይ፣ ብርሃኑ በዚያ አቅጣጫ ኃይሉን ካልለወጠ፣ መጋረጃው ከሩቅም ከቅርብም ያው ነው ማለት ነው። ሹፌሩ ሞተረኛው እስኪያልፍ ድረስ በጭጋግ ውስጥ እንደሚነዳ ሰው ይቆያል፤ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲነዳ ደግሞ በእያንዳንዱ ሰከንድ 22 ሜትር ይጓዛል።

ርቀት ካልገላገለ የሚቀረው የብርሃኑ ኃይል ነው፤ ይህም ሙሉ በሙሉ መብራቱ በዞረበት አቅጣጫ ይወሰናል። የአጭር መብራት ብርሃን እንደ ሻማ በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይፈስም። ከላይ የተቆረጠ ነው። ከወሰኑ በታች፣ መንገዱ ላይ በሚያርፈው ክፍል፣ የብርሃኑ ጉልበት ከ10 ሺህ ካንዴላ ይበልጣል። ከወሰኑ በላይ፣ ከፊት በሚመጣው ሹፌር ዓይን አቅጣጫ ግን፣ የአውሮፓ ደንብ ለመኪና አጭር መብራት የሚፈቅደው 350 ካንዴላ ገደማ ብቻ ነው። ሁለቱን የሚለያቸው በጣት የሚሸፈን ያህል ጠባብ ማዕዘን ነው። ወሰኑ ጥቂት ከፍ ብሎ የሰው ዓይን ከበታቹ ከገባ፣ በሹፌሩ ዓይን ውስጥ የሚዘረጋው መጋረጃ በአንድ ጊዜ ወደ 30 እጥፍ ይወፍራል። አምፖሉ ያው አምፖል ነው። ዕድሜም የራሱን ይጨምራል፦ የዓይን ሌንስ እያረጀ ሲሄድ ብርሃን መበተኑ ይብሳል፤ የተሻሻለው ቀመር እንደሚያሳየው በ70 ዓመት ሰው ዓይን ውስጥ መጋረጃው ከወጣት ዓይን እጥፍ ይሆናል።

ሞተር ሳይክልን ከመኪና የሚለየው እዚህ ላይ ነው። መኪና አራት ተሳፋሪ ቢጭን ከክብደቱ አንጻር የተጨመረው ብዙ አይደለም። ሁለት መቶ ኪሎ የማይሞላ ሞተር ሳይክል ላይ 70 ኪሎ ሰው ከኋላ ሲፈናጠጥ ግን ክብደቱ ሁሉ ማለት ይቻላል በኋላው ሞላ ላይ ያርፋል፤ ኋላው ይሰምጣል፣ ፊቱም ወደ ሰማይ ቀና ይላል። በሁለቱ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት 140 ሴንቲሜትር ነው እንበል። ኋላው ሦስት ሴንቲሜትር ቢሰምጥ፣ ሞተር ሳይክሉ በየመቶ ሴንቲሜትሩ ሁለት ሴንቲሜትር ያህል ቀና ብሏል ማለት ነው። ሦስት ሴንቲሜትር ለዓይን አይታይም፣ ለነጂውም አይሰማም። በብርሃኑ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ግን ከባድ ነው።

ከመሬት 90 ሴንቲሜትር ከፍታ ላይ የተሰቀለ፣ በየአሥር ሜትሩ አሥር ሴንቲሜትር ወደ ታች እንዲያዘነብል በትክክል የተስተካከለ መብራት እንውሰድ። 50 ሜትር ላይ የብርሃኑ ወሰን ከመሬት 40 ሴንቲሜትር ላይ ነው፤ ከሚመጣው መኪና ሹፌር ዓይን እጅግ ዝቅ ብሎ ያልፋል። ያው ሞተር ሳይክል ኋላው ሦስት ሴንቲሜትር ሲሰምጥ ወሰኑ ማዘንበሉን ትቶ ሽቅብ ይወጣል፤ 50 ሜትር ላይ ከመሬት 147 ሴንቲሜትር ይሆናል። በአነስተኛ የቤት መኪና ውስጥ የተቀመጠ ሹፌር ዓይን የሚገኘው ከመሬት በ110 ሴንቲሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ስለዚህ መብራቱን ብቻውን ተቀምጦ ያስተካከለ ጠንቃቃ ሞተረኛ፣ ባለቤቱን አፈናጦ ወደ ሐይቁ በሄደበት ቀን፣ አንድም ቁልፍ ሳይነካ ሰው የሚያጥበረብር ሆኖ ይመለሳል።

ሌላው ልዩነት ማዘንበል ነው። ሞተር ሳይክል ኩርባ የሚይዘው ወደ ጎን ተኝቶ ነው፤ መብራቱም አብሮት ይተኛል። በቀኝ በሚነዳበት አገር ወደ ቀኝ የሚታጠፍ ሞተረኛ ወደ ቀኝ ሲያዘነብል የብርሃኑ ወሰን በቀኝ በኩል ይወርድና በግራ በኩል ይወጣል። በግራ በኩል ያለው ደግሞ የሚመጣው መኪና ነው። ወደ ግራ ሲታጠፍ የሚጎዳው እሱ ራሱ ነው፦ ብርሃኑ ሊያየው በሚገባው የመንገዱ ውስጠኛ ክፍል ላይ ይወድቅና ከፊቱ ጨለማ ይሆንበታል። ለዚህ ችግር የመጀመሪያውን የገበያ መፍትሔ ያቀረበው ቢኤምደብሊው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ገበያ ላይ በዋለው ኬ1600 ሞተር ሳይክል ላይ የብርሃኑን መስታወት በኤሌክትሪክ ሞተር እያዞረ የመስመጡንም የማዘንበሉንም ለውጥ የሚያካክስ መብራት ገጠመ። ይህ ዓይነቱ ቴክኖሎጂ ከዚያ ወዲህ ወደ ሌሎችም ደርሷል፤ በዓለም ላይ ከሚሽከረከሩት ሞተር ሳይክሎች አብዛኞቹ ግን ዛሬም መብራታቸው በሁለት ብሎን የታሰረ ነው።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ነገሩን ያባባሰ አንድ ርካሽ ዕቃ መጥቷል። ለሃሎጅን አምፖል በተሠራ መብራት ውስጥ የሚሰካ የኤልኢዲ አምፖል ነው። ሞተረኛው የሚገዛው ብርሃን ፈልጎ ነው፣ ብርሃንም ያገኛል። የመብራቱ አንጸባራቂ ሳህን የተቀረጸው ግን በሃሎጅን አምፖል ውስጥ ላለችው ትንሽ የሽቦ ጥቅል ነው፤ እያንዳንዱ የሳህኑ ክፍል ብርሃኑን የት እንደሚጥል የተሰላው ጥቅሏ ካለችበት ቦታ ተነሥቶ ነው። የብርሃኑ ምንጭ ከተሰላለት ቦታ አንድ ሚሊሜትር ቢዛነፍ፣ የትኩረት ርቀቱ 25 ሚሊሜትር በሆነ ሳህን ላይ ብርሃኑ በየአሥር ሜትሩ 40 ሴንቲሜትር ይስታል። የኤልኢዲ ቺፕ ደግሞ ቅርጹም ስፋቱም ከጥቅሏ የተለየ ነው፤ ብሎን በማሽከርከር አይታረምም። የአሜሪካ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደህንነት አስተዳደር ለሃሎጅን በተሠራ የፊት መብራት ውስጥ የሚገጠም ምንም ዓይነት የኤልኢዲ ምትክ አምፖል የፌዴራሉን መስፈርት እንደማያሟላ በተደጋጋሚ አስታውቋል። ሱቆች ግን ይሸጡታል። ከፋብሪካው በኤልኢዲ የተሠራ መብራት ሌላ ጉዳይ ነው፤ ሳህኑም ቺፑም አብረው ስለተነደፉ ወሰኑ ስለታም ነው።

ሞተረኞች የሚሰጡት መልስ አላቸው፣ ሊሰማም ይገባዋል። «ካላዩኝ ይገድሉኛል» ይላሉ። በአሜሪካ በቅርብ ዓመታት ሞተር ሳይክልና ሌላ ተሽከርካሪ ተጋጭተው ሰው ከሞተባቸው የሁለት ተሽከርካሪ አደጋዎች ውስጥ ከ40 በመቶ በላይ የሚሆኑት፣ ሞተረኛው ቀጥ ብሎ ሲሄድ ወይም ሲቀድም ሌላው ተሽከርካሪ ወደ ግራ ሲታጠፍ የደረሱ ናቸው። ስለዚህ ሞተረኛ ጎልቶ መታየት መፈለጉ ተገቢ ነው። ክርክሩ የሚሰናከለው ግን በጨለማ ነው። መኪና ሁለት መብራት አለው፤ ሁለቱ እየተራራቁ ሲመጡ የሚያይ ዓይን ርቀቱንም ፍጥነቱንም ይገምታል። የሞተር ሳይክል መብራት አንድ ነው። ያ አንድ መብራት ዙሪያውን በሚውጥ ነጸብራቅ ሲከበብ ሹፌሩ አንድ ነገር እየመጣ እንደሆነ ያውቃል፤ መቼ እንደሚደርስ ግን አያውቅም። ለመታጠፍ የሚቆርጠው በግምት ነው።

በሌላ በኩል ማጋነንም አያስፈልግም። የአሜሪካ የአውራ ጎዳና ደህንነት የኢንሹራንስ ተቋም በ11 ግዛቶች የተመዘገቡ አደጋዎችን መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2025 እንዳስታወቀው፣ በሌሊት ከሚደርሱት አደጋዎች ከሺህ አንድ ወይም ሁለቱ ብቻ ናቸው ከመብራት ማጥበርበር ጋር ተያይዘው የተመዘገቡት። የታወረ ሹፌር ያላየውን ነገር «አላየሁም» እንጂ «ብርሃን ከለከለኝ» ብሎ ለፖሊስ ላያስረዳ ይችላልና ቁጥሩ ሙሉውን ሥዕል ላያሳይ ይችላል። የሆነ ሆኖ መብራትን ከልክ በላይ ዝቅ ማድረግም ይገድላል። በ90 ሴንቲሜትር ከፍታ ላይ ያለ መብራት በየአሥር ሜትሩ አሥር ሴንቲሜትር ካዘነበለ ወሰኑ መንገዱን የሚነካው 90 ሜትር ላይ ነው፤ ሃያ ሴንቲሜትር ካዘነበለ ግን 45 ሜትር ላይ። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተረኛ አደጋ አይቶ ፍሬን ይዞ እስኪቆም ከ60 ሜትር በላይ ይፈልጋል። ሰውን ላለማጥበርበር ብሎ መብራቱን እግሩ ሥር የደፋ ሞተረኛ ማየት ከሚችለው በላይ እየነዳ ነው።

ይህን ሁሉ የሚቆጣጠር አካል አለ ወይ? በኔቫዳ የለም ማለት ይቻላል። ግዛቱ ተሽከርካሪዎች በየጊዜው የደህንነት ምርመራ እንዲያደርጉ አያስገድድም፤ በክላርክ ካውንቲ የሚጠየቀው የጭስ ምርመራ ነው፤ ሞተር ሳይክሎች ደግሞ ከእሱም ነጻ ናቸው። አንድ ሞተር ሳይክል ከሱቅ ከወጣበት ቀን ጀምሮ እስኪጣል ድረስ መብራቱ ወዴት እንደሚያበራ የሚጠይቅ ሰው ላያጋጥመው ይችላል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ነገሩ የተለየ ነው፣ ቢያንስ በወረቀት ላይ። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ዓመታዊ ምርመራን ግዴታ ያደርጋል፤ ያለ ምርመራ ቦሎ አይገኝም። ነገር ግን ለምርመራ የሚቀርብ ሞተር ሳይክል ባዶውን ነው የሚቀርበው፤ በሥራ ላይ የሚውለው ደግሞ በጭነት ነው። በአዲስ አበባ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ በሞተር ሳይክል እንቅስቃሴ ላይ ገደብ ቢጣልም፣ በክልል ከተሞችና በገጠር መንገዶች ሞተር ሳይክል የብዙ ሰው መጓጓዣ ነው። ሁለት ሰው አፈናጦ በመካከል ጆንያ የጫነ ሞተረኛ ማየት እንግዳ አይደለም። እንዲህ የተጫነ ሞተር ኋላው የሚሰምጠው ሦስት ሴንቲሜትር ብቻ አይሆንም። መንገዱ መብራት የለውም፤ ጠርዙን ይዘው ከገበያ የሚመለሱ እግረኞችና ከብቶች አሉ። ነጭ ነጠላ የለበሰች ሴት በመጋረጃው ውስጥም ቢሆን ልትታይ ትችላለች፤ ጥቁር ካፖርት ደርቦ አህያውን የሚነዳው ሰው ግን በመጀመሪያ የሚጠፋው እሱ ነው።

ለኢትዮጵያ ልዩ የሆነ ሌላ ነጥብም አለ። አገሪቱ በግራ ከመንዳት ወደ ቀኝ የተሻገረችው በ1956 ዓ.ም. ነው። ብዙዎቹ ሞተር ሳይክሎች የሚመጡት ግን ዛሬም በግራ ከሚነዳባት ከሕንድ ነው። የብዙ ትንንሽ ሞተር ሳይክሎች አጭር መብራት ግራና ቀኙ እኩል ስለሆነ ችግር የለውም። ወደ አንድ ጎን ከፍ የሚል ብርሃን ያለው መብራት ከሆነ ግን፣ በግራ ለሚነዳ አገር የተሠራው ከፍ የሚለው ወደ ግራ፣ ማለትም በኢትዮጵያም በኔቫዳም በቀጥታ ወደሚመጣው ሹፌር ፊት ነው። ይህን በጠመንጃ መፍቻ አቅጣጫ በማስያዝ ማረም አይቻልም። የአውሮፓን ማረጋገጫ በያዘ መብራት መስታወት ላይ ግን ምልክቱ ይነበባል፦ ፊት ለፊት ቆሞ ለሚያየው ሰው ወደ ቀኝ የሚያመለክት አንድ ቀስት ካለ መብራቱ በግራ ለሚነዳበት አገር የተሠራ ነው፤ ወደ ሁለቱም ጎን የሚያመለክት ቀስት ካለ ለሁለቱም ይሆናል፤ ቀስት ከሌለ በቀኝ ለሚነዳበት አገር ነው። ያገለገለ ወይም ከውጭ የታዘዘ መብራት የሚገዛ ሰው ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት መስታወቱን ጠረግ አድርጎ ቢያይ ይጠቅመዋል።

ማስተካከሉ ራሱ የሚጠይቀው ደልዳላ መሬት፣ ግድግዳ፣ ሜትር፣ ጥቂት ፕላስተርና አብዛኛውን ጊዜ አንድ ካቻቢቴ ወይም ቁልፍ ነው። ሲመሽ ይሠራል። በመጀመሪያ የጎማዎቹ አየር በአምራቹ መመሪያ ልክ ይሞላል፤ የተነፈሰ የኋላ ጎማ ብቻውን መብራቱን ያነሣዋልና። ቀጥሎ ሞተር ሳይክሉ ከግድግዳው 7.6 ሜትር፣ በአሜሪካ መለኪያ 25 ጫማ፣ ርቆ ፊቱን ወደ ግድግዳው አድርጎ ይቆማል። ነጂው የተለመደ ልብሱንና የራስ ቁሩን አድርጎ ይቀመጣል፤ ሞተሩ በሁለቱ ጎማዎቹ ላይ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። በጎን መቆሚያው ከተደገፈ ወሰኑ ይንጋደዳል፤ ጎማ በሚያነሣው በመካከለኛው መቆሚያ ላይ ከቆመ ደግሞ የሚነበበው ቁጥር መንገድ ላይ የለም። ስለዚህ ረዳት ያስፈልጋል።

ረዳቱ ከመሬት እስከ መብራቱ መሃል ያለውን ከፍታ ይለካና በዚያው ልክ ግድግዳው ላይ ፕላስተር በአግድም ይለጥፋል። አጭሩ መብራት ይበራል። የብርሃኑ የላይ ወሰን ከፕላስተሩ በታች መውደቅ አለበት፤ በየሜትሩ አንድ ሴንቲሜትር የሚለው ልክ ከተያዘ 7.6 ሴንቲሜትር ያህል ዝቅ ይላል ማለት ነው። አንዳንድ የአሜሪካ መመሪያዎች በዚሁ ርቀት አምስት ሴንቲሜትር ገደማ ይበቃል ይላሉ፤ የሞተሩ መመሪያ መጽሐፍ የራሱ ቁጥር ካለው የሚሠራው እሱ ነው። በጎን ደግሞ የብርሃኑ ደማቅ ክፍል ከሞተሩ መሃል መስመር ወደ ግራ ማለፍ የለበትም። ማስተካከያው በአንዳንዱ ሞተር ከመብራቱ ጀርባ ያለ ብሎን ነው፤ በአንዳንዱ ደግሞ የመብራቱን ጎድጓዳ ቤት ከግራና ከቀኝ የያዙትን ሁለት ብሎኖች ላላ አድርጎ በእጅ ማዘንበል ነው። ብሎኑ ሲጠብቅ መብራቱ በጥቂቱ መንቀሳቀሱ ስለማይቀር ከጠበቀ በኋላ እንደገና ይለካል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። የሚፈናጠጠው ሰው እዚያው ካለ ግን ሥራው ገና ነው። ተፈናጣጩ ከኋላ ሲቀመጥ፣ የጎን ሻንጣዎቹም ሲሞሉ፣ ረዳቱ ግድግዳው ላይ ብርሃኑ ሽቅብ ሲወጣ ያያል። ኋላው ሦስት ሴንቲሜትር ከሰመጠ ወሰኑ 16 ሴንቲሜትር ይወጣል፤ ፕላስተሩን አልፎ ከስምንት ሴንቲሜትር በላይ ከፍ ይላል። በዚህ ጊዜ የሚነካው የመብራቱ ብሎን አይደለም። በብዙ ሞተር ሳይክሎች የኋላ አሞርዛተር ላይ የሞላውን ጥንካሬ የሚያስተካክል ቀለበት አለ፤ በልዩ ቁልፍ፣ በአንዳንዶቹም በእጅ በሚሽከረከር መያዣ ይዞራል። ቀለበቱ ሲጠብቅ ኋላው ተመልሶ ይነሣል፤ ወሰኑም ግድግዳው ላይ ቁልቁል ይወርዳል። ተመልሶ ከፕላስተሩ በታች ወደነበረበት ሲገባ ረዳቱ ቀለበቱ የቆመበትን ደረጃ ይጽፋል፤ ለብቻ ሲነዱ አንድ ቁጥር፣ ሰው ሲያፈናጥጡ ሌላ ቁጥር።